የጠፋው ማርሽ፦ ኦቨርድራይቭ ከአሜሪካ ጉልበተኛ መኪኖች ለምን ጠፋ? እንዴትስ ተመለሰ?

አሮጌ አውቶማቲክ ቶዮታ የነዳ ሰው ማርሽ መቀየሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ያውቃታል። ስትጫኗት ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚል መብራት ይበራል። ብዙ ሹፌር የሚያስታውሳት ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ነው። ዓባይ በረሃን ሲወርድ ይጫናታል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናውን ይይዘዋል፣ ፍሬኑም ትንሽ ያርፋል። በሜዳ ላይ ደግሞ ቁልፏን ረስቶ የሚነዳ ሰው «ይቺ መኪና ዛሬ ምን ሆነች? ትጮሃለች፣ ነዳጅም ትበላለች» ይላል። ቁልፏ የምታጠፋው ነገር ኦቨርድራይቭ ይባላል።

ዛሬ ይሄ ነገር በየመኪናው ስላለ ማንም ልብ አይለውም። ታሪኩ ግን አንድ እንቆቅልሽ አለበት። በ1934 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የክራይስለር ኤርፍሎው መኪና ኦቨርድራይቭ ነበረው። በ1970 የወጣው ሼቭሮሌ ሼቨል ኤስኤስ 454 ግን በጣም ኃይለኛ በሆነው ሞተሩ 450 የፈረስ ጉልበት እያለው ኦቨርድራይቭ አልነበረውም። በመካከላቸው 36 ዓመት አለ። በዚያ ላይ ሼቨሉ በወጣበት ጊዜ አሜሪካ በታሪኳ ረጅሙን የፈጣን መንገድ መረብ እየዘረጋች ነበር። ታዲያ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ያ ማርሽ የት ገባ? አንድ ቴክኖሎጂ ተፈልስፎ፣ ተሽጦ፣ ሠርቶ፣ ከዚያ እንዴት ወደ ኋላ ይቀራል?

መልሱ ከጥርስና ከዘንግ ይጀምራል፤ የሚያልቀው ግን አንድ ዘመን ጥሩ መኪናን በምን ይለካል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ከአንድ በታች የሆነ ምጣኔ

ካምቢዮ የሚሠራው ሥራ ልውውጥ ነው፦ ዙር ከፍሎ ጉልበት ይገዛል፣ ወይም ጉልበት ከፍሎ ዙር ይገዛል። ሳይክል ላይ ዳገት ስትወጡ ትንሹን ማርሽ የምትመርጡት ለዚህ ነው፤ እግራችሁ ብዙ ይዞራል፣ ጎማው ግን ጥቂት። በጊዜው በጄነራል ሞተርስ መኪኖች ላይ የተለመደው መንሲ የተባለው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ በአንዱ ዓይነቱ የአንደኛ ማርሹ ምጣኔ 2.52 ነበር። ሞተሩ 2.52 ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። አራተኛው ማርሽ 1.00 ነው፤ አንድ ለአንድ፣ ቀጥታ። ኦቨርድራይቭ የሚባለው ከዚያ አልፎ ምጣኔው ከአንድ በታች ሲወርድ ነው። ለምሳሌ 0.70 ከሆነ ሞተሩ 70 ጊዜ ሲዞር መውጫው ዘንግ 100 ጊዜ ይዞራል። ዘንጉ ሞተሩን ቀደመው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ሌላ ልውውጥ አለ፤ የኋላው ዲፈረንሻል። የጡንቻ መኪኖች ገዢ በአማራጭ 4.10 የሚደርስ ምጣኔ ማዘዝ ይችል ነበር። ይህ ከቆመበት ሲነሳ መኪናውን እንደ ድንጋይ ያስወነጭፈዋል። ሰፊው መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ምን ይፈጠራል? እስቲ እናስላው።

ጎማው 66 ሴንቲ ሜትር ስፋት (ዳር እስከ ዳር) ካለው በአንድ ዙር 2.07 ሜትር ገደማ ይሄዳል። መኪናው በሰዓት 112 ኪሎ ሜትር (የአሜሪካ 70 ማይል ማለት ነው) ሲሄድ ጎማው በደቂቃ 900 ጊዜ ይዞራል። 900ን በ4.10 ስናበዛው 3,690 ይመጣል። አራተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ ስለሆነ ሞተሩም በደቂቃ 3,690 ጊዜ ይዞራል። ለአንድ ሩጫ ሳይሆን ለሰዓታት! ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር አራት ጊዜ ስለሚተኩስ ይህ በሰከንድ 246 ፍንዳታ ነው። አሁን 0.68 የሆነ ኦቨርድራይቭ እንጨምርበት። ሞተሩ ወደ 2,510 ይወርዳል፤ ፍንዳታውም በሰከንድ ወደ 167። 500 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጉዞ ላይ ያለ ኦቨርድራይቭ ሞተሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ዙር ይጠጋል፤ ከኦቨርድራይቭ ጋር ከ680,000 በታች ይሆናል። መንገዱ ያው፣ ፍጥነቱ ያው፣ ሞተሩ ግን አንድ ሦስተኛ ያህል ሥራውን ተቀነሰለት።

በ1930ዎቹ የተፈታ ችግር

ይህን ስሌት የ1930ዎቹ መሐንዲሶች ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በጊዜው ሞተሮች ደካማ፣ ዘይቱም ደካማ ነበር። ረጅም ሰዓት በከፍተኛ ዙር መሥራት ሞተርን ይጨርሳል። መኪና ደግሞ ዳገት እንዲወጣ ትልቅ የዲፈረንሻል ምጣኔ ያስፈልገዋል። እናም ቦርግ ዋርነር የተባለው ኩባንያ ከባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ ጀርባ የሚለጠፍ ትንሽ ሳጥን ሠራ።

ውስጡ ያለው ፕላኔታሪ የሚባለው የጥርስ አቀማመጥ ነው። መሀል ላይ አንድ ጥርስ አለ፣ «ፀሐይ» ይሉታል። በዙሪያው ትንንሽ «ፕላኔቶች» በአንድ ተሸካሚ ላይ ተሰክተው ይዞራሉ። ከውጭ ደግሞ ወደ ውስጥ ጥርስ ያለው ቀለበት ሁሉንም ያቅፋቸዋል። ከሞተር የሚመጣው ዘንግ ተሸካሚውን ካዞረው፣ ፀሐዩም እንዳይዞር ከተያዘ፣ ቀለበቱ ከተሸካሚው ፈጥኖ ለመዞር ይገደዳል። የቦርግ ዋርነሩ ምጣኔ 0.70 ነበር። ፀሐዩን የሚይዘው በኤሌክትሪክ የሚገፋ ብረት ነው። መኪናው የተወሰነ ፍጥነት ሲያልፍ፣ ሹፌሩም እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ለአፍታ ሲያነሳ፣ ብረቱ ገብቶ ይቆለፋል። ለመቅደም ከፈለገ ደግሞ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይረግጣል፤ አንድ ማብሪያ የሞተሩን ብልጭታ ለቅጽበት ይቆርጠዋል፣ ጥርሶቹ ላይ ያለው ጫና ይላላል፣ ብረቱም ይወጣል። ያለ አንዲት የኮምፒውተር ቺፕ ይህን ሁሉ መሥራታቸው ዛሬም ያስገርመኛል።

ጉድለትም ነበረው። ኦቨርድራይቩ ሳይገባ በዝግታ በሚነዳበት ጊዜ ዘንጉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚይዝ ፍሪሲዮን በኩል ስለሚያልፍ፣ ሹፌሩ ነዳጅ ሲለቅ መኪናው ልክ ያለ ማርሽ እንዳለ ይንሸራተታል። በቁልቁለት ሞተሩ አያግዝም። ለዚህም ሥርዓቱን ከጥቅም ውጭ የሚያደርግ መያዣ ዳሽቦርዱ ሥር ነበረ። የኛ «ኦ/ዲ ኦፍ» ቁልፍ አያት እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ሥራቸው አንድ ነውና።

ከአትላንቲክ ማዶ ደግሞ እንግሊዞች በራሳቸው መንገድ ሄዱ። ኤድጋር ደ ኖርማንቪል የነደፈውን፣ ሼፊልድ የሚገኘው የሌይኮክ ኩባንያ የሠራውን ኦቨርድራይቭ ከጦርነቱ በኋላ ተጠቀሙበት። ይኸኛው የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ሾጣጣ ፍሪሲዮን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋ ስለሚቀይር ሹፌሩ እግሩን ሳያነሳ ትንሽ ማብሪያ ብቻ ተጭኖ ይቀይራል። ኦስቲን ሂሊ፣ ትራያምፍና ቮልቮ ላይ ገብቷል። ይህን ንድፍ አስታውሱት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁሉም ነገር በ402 ሜትር ሲለካ

የጡንቻ መኪና ዘመን ብዙውን ጊዜ ከ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ይቆጠራል። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ከትልቅ መኪና ላይ ትልቅ ሞተር አንስቶ መካከለኛ መኪና ላይ መጫን። ጄነራል ሞተርስ ለመካከለኛ መኪኖቹ የሞተር መጠን ገደብ አውጥቶ ስለነበር እነ ጆን ዴሎሪያን ባለ 6.4 ሊትሩን ሞተር በተጨማሪ አማራጭ ስም አስገቡት። ተሸጠ። ፎርድም፣ ክራይስለርም፣ ሼቭሮሌም ተከተሉ።

የነዚህ መኪኖች ዳኛ ሩብ ማይል ነበር፤ 402 ሜትር ገደማ ቀጥ ያለ መንገድ። ገዢው የሚጠይቀው «ሩብ ማይሉን በስንት ሰከንድ?» እንጂ «በጋሎን ስንት?» አልነበረም። በዚያ 402 ሜትር ውስጥ ደግሞ ኦቨርድራይቭ ምንም ሥራ የለውም። አራተኛው ማርሽ ሲገባ ውድድሩ አልቋል። ስለዚህ ካምቢዮ ሠሪው አራቱንም ማርሽ ከአንደኛ እስከ ቀጥታ ባለው መካከል አቀራርቦ ቢደረድራቸው ይሻለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሜካኒካል ነው፤ እኔን እንደ መሐንዲስ የሚያሳምነኝም እሱ ነው። በተለመደው የኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ካምቢዮ ቀጥታ ማርሽ ላይ ሲሆን የሚገባውና የሚወጣው ዘንግ አንድ ላይ ይቆለፋሉ። ጉልበቱ በጥርስ ላይ አያልፍም፤ ብክነቱ ትንሽ፣ ጥንካሬው ትልቅ ነው። ኦቨርድራይቭ ላይ ግን ጉልበቱ ሁሉ በጥርሶች በኩል ያልፋል። የ1970ው የሼቨል 454 ሞተር በጊዜው አለካክ 678 ኒውተን ሜትር ገደማ የመጠምዘዝ ኃይል ነበረው። ለቤተሰብ መኪና የተሠራው የቦርግ ዋርነር ትንሽ ሳጥን ያንን ይሸከማል ብሎ ዋስትና የሚሰጥ ኩባንያ አልነበረም። አውቶማቲኮቹም ያው ናቸው። የጄነራል ሞተርስ ቲኤች400 እና የክራይስለር ቶርክፍላይት 727 የማይሰበሩ ተብለው የተመሰገኑ ነበሩ፤ ሁለቱም ባለ ሦስት ማርሽ፣ ሁለቱም መጨረሻቸው 1.00።

ሦስተኛው ምክንያት ኪስ ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካ አንድ ጋሎን ቤንዚን፣ 3.8 ሊትር ማለት ነው፣ 30 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ይሸጥ ነበር። ቤንዚን እንደ ውሃ ሲሆን ቆጣቢ ማርሽ ማን ይገዛል?

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በሌላ በኩል ሌላ ነገር እየተሠራ ነበር። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሰኔ 29 ቀን 1956 በፈረሙት ሕግ 41,000 ማይል፣ ማለትም 66,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ መገናኛ መብራት የሌለው ሰፊ መንገድ ግዛቶችን እያያያዘ ይዘረጋ ጀመር። መንገዱ ለሰዓታት በአንድ ፍጥነት እንዲነዳበት የተሠራ ነው። መኪናው ደግሞ ለ13 እና 14 ሰከንድ ተሠርቷል። አንድ አገር፣ በአንድ አሥር ዓመት፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ነገሮችን ገነባች። መካከላቸው የቆመው ሹፌሩ ነው፤ ጆሮው እየጮኸበት።

ነዳጁ ሲወደድ ማርሹ ተመለሰ

ጥቅምት 1973 የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ወደ አሜሪካ የሚልኩትን ነዳጅ አቆሙ። ሰልፉ፣ የዋጋው መናር፣ «ነዳጅ የለም» የሚለው ጽሑፍ መጣ። በጥር 1974 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በመላ አገሪቱ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል (88 ኪሎ ሜትር) እንዲሆን ፈረሙ። በ1975 ደግሞ ኮንግረስ የየኩባንያው መኪኖች አማካይ የነዳጅ አጠቃቀም ደረጃ እንዲወጣለት ሕግ አወጣ፦ በ1978 በጋሎን 18 ማይል፣ በ1985 ደግሞ 27.5 ማይል።

ዳኛው ተቀየረ። መለኪያው ከሰከንድ ወደ ጋሎን ሲዞር የተረሳው ማርሽ ድንገት ተፈለገ። በጣም የሚገርመው ምሳሌ የክራይስለር ኤ833 ነው። ይህ ካምቢዮ በ1960ዎቹ ከዝነኛው ባለ 7 ሊትር ሄሚ ሞተር ጀርባ የሠራ፣ የተከበረ ባለ አራት ማርሽ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ክራይስለር የውስጡን ጥርስ ቀይሮ አራተኛውን ማርሽ 0.73 አደረገው። ሦስተኛው አሁን ቀጥታ ሆነ። ስሙ ያው ነው፣ ቤተሰቡም ያው ነው፤ የሚያገለግለው ጌታ ብቻ ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ሆነ። ፎርድ በ1980 ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲኩን ኤኦዲን በ0.67 አወጣ። ጄነራል ሞተርስ በ1981 200-4አርን (0.67)፣ በ1982 ደግሞ 700አር4ን (0.70) አስከተለ። ቦርግ ዋርነር በበኩሉ ቲ5 የሚባለውን ቀላል ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ አቅርቦ ማስታንግና ካማሮ ላይ ገባ። የ1984ቱ ኮርቬትማ አራት ማርሽ ሆኖ በላይኞቹ ሦስቱ ላይ ኦቨርድራይቭ የሚጨምር ድርብ ካምቢዮ ይዞ መጣ።

እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ለአዲሶቹ፣ ጉልበታቸው ለተቀነሰው መኪኖች ነው። ግን እንደ ሌላው ሁሉ እነሱም አርጅተው ወደ ቁርጥራጭ መሸጫ ግቢ ገቡ። እዚያም አንድ ሰው አገኛቸው፤ ጋራዡ ውስጥ የ1960ዎቹን መኪና ያስቀመጠው ሰው።

የጋራዥ ጋብቻ

በ1987 በገጠር ባሉት ሰፊ መንገዶች ላይ 65 ማይል ተፈቀደ፤ በ1995 ደግሞ የፌዴራሉ የፍጥነት ገደብ ጭራሹን ተነሳ። ትራፊኩ ፈጠነ። አሮጌዋን መኪና ይዞ መንገድ የሚወጣ ሰው ሁለት ምርጫ ነበረው፤ በቀኝ በኩል ከከባድ መኪናዎች ጋር መጎተት፣ ወይም ሞተሩን እያስጮኸ መሄድ። ሦስተኛው ምርጫ ከ1980ዎቹ መኪና ካምቢዮ ነቅሎ በ1960ዎቹ መኪና ላይ መትከል ሆነ።

ነገሩ በብሎን ማሰር ብቻ አይደለም። ዋና ዋናዎቹን ጉዳዮች ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ጥንካሬ። የመጀመሪያዎቹ ቲ5 ካምቢዮዎች የተፈቀደላቸው የመጠምዘዝ ኃይል የ454ቱን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ለትንሽ ሞተርና ለቀስታ ነጂ ይሆናል፤ ለሌላው ጥርሱ ይረግፋል። ይህን ክፍተት የሞላው ትሬሜክ የተባለው የሜክሲኮ ካምቢዮ አምራች ነው። ጠንካራ ባለ አምስት ማርሾችን ለአሮጌ መኪኖች ጭምር ማቅረብ ጀመረ፤ የቅርቡ ቲኬኤክስ 800 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሸከማል።

ሁለተኛ፣ ቦታ። ኦቨርድራይቭ ያለው ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ ይረዝማል ወይም ይወፍራል። ከሥሩ የሚይዘው ድጋፍ ብረት ይዛወራል፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ይቆረጣል፣ አንዳንዴም የመኪናው ወለል ራሱ ተቆርጦ ከፍ ይላል። 200-4አር የተወደደው በዚህ ነው፤ ርዝመቱ ከአሮጌው ቲኤች350 ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ ጊዜ ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይገባል። ጥንካሬውንም ቢሆን የ1980ዎቹ ፈጣን መኪና ቢዊክ ግራንድ ናሽናል አስመስክሮለታል።

ሦስተኛ፣ ገመዷ። 200-4አር እና 700አር4 ላይ ከካርቡረተሩ ወደ ካምቢዮው የምትሄድ አንዲት ቀጭን ገመድ አለች። ሥራዋ ሹፌሩ ምን ያህል ነዳጅ እንደረገጠ ለካምቢዮው መንገር ነው፤ ካምቢዮው በዚያ መጠን የዘይት ግፊቱን ይጨምራል። ገመዷ በትክክል ካልተወጠረች ግፊቱ ያንሳል፣ ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች ይንሸራተታሉ፣ ይቃጠላሉ። አዲስ የታደሰ ካምቢዮ በአንዲት ገመድ ምክንያት በአጭር ጊዜ ሊበላሽ ይችላል።

አራተኛ፣ ብዙዎች የሚስቱት። ኦቨርድራይቭ የሚያሳርፈው ሞተሩን ብቻ ነው፤ ከካምቢዮው በኋላ ያለውን ዘንግ አያሳርፍም። ከላይ ባሰላነው ምሳሌ ሞተሩ ወደ 2,510 ሲወርድ ዘንጉ ግን አሁንም በደቂቃ 3,690 ይዞራል፤ ምክንያቱም እሱን የሚወስነው ጎማውና ዲፈረንሻሉ ነው። ዘንጉ ሚዛኑን ካልጠበቀ ወይም ከካምቢዮውና ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከተዛባ፣ ቀድሞ በሞተሩ ጩኸት ተሸፍኖ የነበረው ንዝረት አሁን ጎልቶ ይሰማል። ሰዉ «አዲሱ ካምቢዮ ነው የሚያንቀጠቅጠው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ማዕዘኑ ነው።

አምስተኛ፣ ከመጠን ማለፍ። ዲፈረንሻሉ 3.08 የሆነ መኪና ላይ 0.67 ብንጨምር በዚያው ፍጥነት ሞተሩ 1,860 ገደማ ይሆናል። በከፍተኛ ዙር እንዲተነፍስ ተብሎ ኃይለኛ ካምሻፍት የገባለት ሞተር እዚያ ታች ያንቃል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ሹፌሩም ነዳጅ አብዝቶ ይረግጣል። ስለዚህ ካምቢዮ ከመግዛት በፊት ካልኩሌተር መያዝ ይሻላል።

ወለሉን መቁረጥ ለማይፈልጉ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ጊር ቬንደርስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ከነባሩ ካምቢዮ ጀርባ የሚለጠፍ 0.78 ምጣኔ ያለው ሳጥን ይሸጣል። ንድፉ የመጣው ከየት ነው? ቅድም አስታውሱት ካልኳችሁ ከእንግሊዙ ሌይኮክ። ለትንንሽ የስፖርት መኪናዎች የታሰበው ሐሳብ ዞሮ ዞሮ የአሜሪካን ግዙፍ ሞተር ተሸከመ።

ምን ይገኛል? ምን አይገኝም?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠብቀው የነዳጅ ቁጠባ ነው። ፊዚክሱ ይደግፈዋል። ክብደቱ 1,700 ኪሎ የሆነ፣ ቅርጹ እንደ ጡብ የሆነ መኪና በ112 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አየርንና የጎማን ሰበቃ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው በግምት 24 ኪሎዋት ነው፤ 32 የፈረስ ጉልበት ገደማ። 350 ወይም 450 የፈረስ ጉልበት ላለው ሞተር ይህ ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ሞተሩ በር እንደተዘጋበት ሰው በጠባብ ቀዳዳ እየተነፈሰ በከንቱ ይሽከረከራል። የአየር መግቢያው ጠቦ አየር ለመሳብ የሚያባክነው ኃይል አለ፤ ዙሩ ሲጨምር የሚጨምረው ሰበቃም አለ። ኦቨርድራይቭ ዙሩን ቀንሶ የአየር መግቢያውን ትንሽ ያስከፍተዋል፤ ሁለቱም ብክነት ይቀንሳል።

ገንዘቡን ግን ተጠንቅቃችሁ ቁጠሩ። እንበልና መኪናው በጋሎን 12 ማይል ይሄድ የነበረው 15 ሆነ። ባለቤቱ በዓመት 3,000 ማይል ቢነዳ 250 ጋሎን የነበረው 200 ይሆናል፤ 50 ጋሎን ተረፈ። ጋሎኑን በ3.50 ዶላር ብናስበው 175 ዶላር ነው። ሥራው ሁሉ 4,000 ዶላር ከፈጀ ወጪውን ለመመለስ ወደ 23 ዓመት ይወስዳል። ስለዚህ «ነዳጅ ለመቆጠብ ነው» የሚል ሰው ቢያንስ ለራሱ ባይዋሽ ጥሩ ነው።

እውነተኛው ትርፍ ሌላ ነው። መኪናው ከጋራዥ ይወጣል። ከባለቤቱ ጋር ቤተሰብ መጠየቅ ይሄዳል፤ ከአራት ሰዓት በኋላም ሰው ሳይደነቁር ይወርዳል። በዚያ ላይ ምርጫው ይሰፋል፦ 4.10ን ይዞ መነሻ ላይ የሚወነጨፍ፣ መንገድ ላይ ግን እንደ 2.79 ዲፈረንሻል (4.10 ሲባዛ በ0.68) የሚረጋጋ መኪና። የ1960ዎቹ ገዢ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት።

ከትርፉ ጋር ግን አደጋም ይመጣል። በአሮጌው መኪና ላይ ጩኸቱ ራሱ የፍጥነት ማስጠንቀቂያ ነበር፤ «ይበቃል» ይል ነበር። ኦቨርድራይቭ ያንን አፍ ይዘጋዋል። ከብዙዎቹ መኪኖች ሥር ግን ያለው አሁንም የ1960ዎቹ ባለ ከበሮ ፍሬን ነው፤ ያንን ፍጥነት ደጋግሞ ማቆም ሲኖርበት የሚግልና የሚደክም። ካምቢዮው መኪናውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ፍሬኑን አያዘምነውም። ሁለቱን አብሮ የማያስብ ሰው የሚሄድ መኪና ሠራ እንጂ የሚቆም መኪና አልሠራም።

ወለሉ ይቆረጥ ወይስ ይቅር?

እዚህ ላይ የቀረው ጥያቄ የምህንድስና አይደለም። ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ቁጥሩ ከሞተር እስከ ካምቢዮ የሚገጥም መኪና ዛሬ የታሪክ ሰነድ ነው። ወለሉን መቁረጥ የብራናን ጠርዝ ለመደርደሪያ እንዲመች ብሎ እንደመከርከም ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ መኪና የሚነዳ ነገር ነው፤ ቆሞ ጎማው ከሚደርቅ ተቀይሮ ቢኖር ይሻላል ይላሉ።

እኔ የምለው ይህ ነው። ጥቂት የቀሩ፣ ሙሉ የሆኑ መኪኖች ሳይነኩ ይቆዩ፤ ምክንያቱም ማርሽ ማጣታቸው ራሱ ማስረጃ ነው። መኪናው 402 ሜትርን እንጂ አገር አቋራጭ መንገድን ያላሰበ ዘመን እንደነበር የሚመሰክረው ያ የጠፋ ማርሽ ነው። ሞተራቸው ቀድሞ የተቀየረ፣ ብዙ ጋራዥ ያያቸው ግን ምስክርነታቸው አስቀድሞ ስለተበረዘ ቢነዱ ይሻላል። ለነሱም ቢሆን ሊመለስ የሚችለውን ለውጥ መምረጥ፣ የወጣውንም ካምቢዮ ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ ጨዋነት ነው። የሚቀጥለው ባለቤት ምን እንደሚፈልግ አናውቅም።

ወደ መጀመሪያው እንቆቅልሽ ስንመለስ፣ ኦቨርድራይቭ የጠፋው ማንም ስለረሳው አይደለም። መሐንዲሶቹ ያውቁት ነበር፤ ፋብሪካዎቹም ለዝግተኛ መኪኖቻቸው ይሸጡት ነበር። የጠፋው የሚለካው ነገር ስለተቀየረ ነው፤ የተመለሰውም በዚያው ምክንያት። እኛ ምህንድስና የምንማር ሰዎች «የተሻለ ንድፍ» የሚለውን ቃል በቀላሉ እንጠቀመዋለን። ከዚያ ቃል በፊት ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ መምጣት አለበት፦ በምን ሲለካ? የ1970ው ሼቨል በሰከንድ ሲለካ ድንቅ ነበር። በጆሮ፣ በነዳጅና በ500 ኪሎ ሜትር ሲለካ ግን አንድ ማርሽ ጎድሎታል።